ውሃ የማይቋጥር ካሴሮል፦ ለብርድ ማታ የሚሆን የቤት አሠራር

በብርድ ማታ ዳር ዳሩ እየተንተከተከ፣ ላዩ ወርቅ መስሎ ከኦቨን የሚወጣ አንድ ትሪ ምግብ ከሆድ አልፎ ቤቱንም ያሞቃል። የቅቤውና የሽንኩርቱ ሽታ እስከ መኝታ ክፍል ይደርሳል፣ ሰው ሳይጠራ ወደ ገበታ ይመጣል። ካሴሮልን የምወደው ለዚህ ነው። የተለየ ሙያ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ቅደም ተከተል ነው።

ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው። መጀመሪያ የማብሰያው ዕቃ ስም ነበር፣ ኋላ ዕቃው ውስጥ ለሚሠራው ምግብም መጠሪያ ሆነ። አሠራሩ በየቤቱ ቢለያይም አካሉ አንድ ነው፦ የሚያጠግብ ነገር (መኮሮኒ፣ ድንች፣ ሩዝ ወይም ዳቦ)፣ ጣዕም የሚሰጥ ነገር (ዶሮ፣ ሥጋ፣ ቦሎቄ ወይም አትክልት)፣ ሁለቱን የሚያያይዝ ሶስ፣ ከላይ ደግሞ ኩርሽም የሚል ልባስ።

ብዙ ሰው ያለውን ሁሉ ጥሬውን ትሪ ላይ ከምሮ ኦቨኑ እንዲያበስልለት ይጠብቃል። እኔም መጀመሪያ ላይ እንዲሁ አደርግ ነበር። አንድ ማታ ጥሬ እንጉዳይ፣ ጥሬ ሽንኩርትና ከፍሪዘር የወጣ ስፒናች ከመኮሮኒ ጋር ደባልቄ ሶስ አፈሰስኩበት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሳወጣው ሶሱ ተለያይቷል፣ መኮሮኒው ሟሙቷል፣ ከሥሩ ግራጫ ውሃ ተኝቷል። ላዩ ግን ያማረ ነበር! ከዚያ ወዲህ አንድ ሕግ ያዝኩ፦ ወደ ትሪው የሚገባ ነገር ሁሉ ውሃውን አስቀድሞ ይጨርስ፣ ወይም ውሃው በልክ ይታወቅ። የኦቨኑ ሥራ የበሰለውን ማዋሐድና ላዩን መጥበስ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ ሕግ የሚነሣ ነው።

ዕቃውና ኦቨኑ

ለስድስት ሰው የሚበቃው ትሪ ወርዱ 23፣ ርዝመቱ 33፣ ጥልቀቱ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ከ3 ሊትር በላይ ይይዛል። የእናንተ ስንት እንደሚይዝ ካላወቃችሁ ውሃ በሊትር እየለካችሁ ሙሉትና እዩት። ከዚህ በታች የሰጠኋቸው መጠኖች ለዚህ ትሪ የሚሆኑ ናቸው። 20 በ20 የሆነ ትሪ ካላችሁ ግማሹን አድርጉ። ምግቡን እስከ አፉ አትሙሉት፤ ሲንተከተክ እንዳይገነፍል ከአፉ በታች አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ባዶ ተዉለት።

ሸክላም፣ መስታወትም፣ ብረትም ይሆናል። መስታወት ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ከሞቀ በኋላ ግን ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፣ ገበታ ላይም ቶሎ አይበርድም። ጠንቁ ድንገተኛ የሙቀት ለውጥ ነው። ከፍሪጅ የወጣ የመስታወት ትሪ ወደ ጋለ ኦቨን ቢገባ፣ ወይም የጋለው እርጥብ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ ሊሰነጠቅ፣ አልፎም ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ የቀዘቀዘ ከሆነ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ውጭ አቆዩት፤ ሲወጣም ደረቅ ጨርቅ ወይም እንጨት ላይ አሳርፉት። የአሉሚኒየም ትሪ ከቲማቲም ጋር አይስማማም፤ የቲማቲሙ ኮምጣጣነት ብረቱን ይነካውና ምግቡን የብረት ጣዕም ያስይዘዋል።

ኦቨኑን ምግቡን ከማሰናዳታችሁ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቀድማችሁ አሙቁት። ማራገቢያ ያለው ኦቨን ከሆነ ከምጽፈው ዲግሪ 20 ቀንሱ። የኦቨን መደወሪያ የሚያሳየው ቁጥር ከውስጡ ሙቀት ጋር ብዙ ጊዜ አይገጥምም፤ ስለዚህ ከደቂቃው ይልቅ ዓይናችሁን እመኑ። የካሴሮል መድረስ የሚታወቀው መሐሉ ሲንተከተክ ነው። ዳሩ ሁልጊዜ ቀድሞ ይፈላል፣ በእሱ አትታለሉ።

ነጩ ሶስ

እዚህ ላይ ረጋ ብዬ እሄዳለሁ፤ ይህን የቻለ ሰው ግማሹን ካሴሮል ችሏል። በቆርቆሮ የታሸገ ሶስ የሚጠቀም አለ፤ ጨው ይበዛበታል፣ ጣዕሙም ሁሌ አንድ ነው። የቤቱ 15 ደቂቃ ብቻ ነው የሚፈልገው።

60 ግራም ቅቤ፣ 60 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 1 ሊትር ወተት። ቅቤውና ዱቄቱ በሚዛን እኩል ናቸው፤ ይህን ከያዛችሁ ሌላውን በአእምሮ ማስላት ትችላላችሁ። ሚዛን ከሌላችሁ ቅቤው 4 የሾርባ ማንኪያ፣ ዱቄቱ ደግሞ 240 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ኩባያ ግማሽ ኩባያ ነው።

1. ወፍራም መቀመጫ ያለው ድስት ላይ ቅቤውን በመለስተኛ እሳት አቅልጡ። አረፋው ሲተኛ ዱቄቱን በአንድ ጊዜ ጨምራችሁ በሽቦ መምቻ ወይም በእንጨት ማማሰያ አዋሕዱት።

2. ሁለት ደቂቃ ያህል ሳታቋርጡ እያማሰላችሁ አብስሉት። እርጥብ አሸዋ ይመስላል፣ የብስኩት ሽታ ማምጣት ይጀምራል። ቀለሙ እንዳይጠቁር ተጠንቀቁ። ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው ሶሱ ጥሬ ዱቄት ጥሬ ዱቄት ይለዋል።

3. ለብ ያለውን ወተት መጀመሪያ በአንድ ጭልፋ ጨምሩ። ወዲያው እንደ ሊጥ ይጠጥራል፤ አትደንግጡ፣ እስኪለሰልስ ምቱት። ሁለተኛ ጭልፋ፣ ሦስተኛ ጭልፋ እያላችሁ ሂዱ። ልል ከሆነ በኋላ የቀረውን በአንድ ጊዜ ማፍሰስ ትችላላችሁ።

4. እያማሰላችሁ እስኪፈላ ጠብቁ፣ ከዚያ እሳቱን ቀንሳችሁ 5 ደቂቃ አንተክትኩት። ከሥሩ ቶሎ ስለሚይዝ ማማሰያው የድስቱን ጥግ ሁሉ ይድረስ።

5. ጨው፣ ቁንዶ በርበሬና ጥቂት የተፈቀፈቀ ገውዝ ጨምሩ። ገውዙ ከወተት ጋር የሚሠራውን ሥራ ሌላ ቅመም አይሠራልኝም፤ ግን ቁንጥር ይበቃል።

ዱቄት ሙቅ ፈሳሽ ውስጥ ደረቁን ቢገባ የውጩ ቶሎ አብጦ ይለጠፍና የውስጡን ደረቅ ዱቄት ይዘጋበታል። ጓጎለ የምንለው ይህ ነው። ቅቤው እያንዳንዱን የዱቄት ቅንጣት ስለሚለብሰው ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ሳይጣበቁ ለየብቻ ያብጣሉ። ሶሱ የሚወፍረውም ወደ ፍል ሲጠጋ ነው። ሳይፈላ "ቀጠነብኝ" ብሎ ዱቄት የሚጨምር ሰው ሲፈላ ግንፎ ይሆንበታል። መጓጎሉ ካልቀረ ደግሞ በወንፊት አጥልሉት፣ ማንም አያውቅም።

ውፍረቱን ለማወቅ ማንኪያ ነክራችሁ ጀርባውን በጣት አስምሩ፤ መስመሩ ሳይደፈን ከቆየ ደርሷል። ለመኮሮኒ የሚሆነው ግን ከዚህ ቀጠን ይበል። መኮሮኒ ኦቨን ውስጥ ሶስ ይጠጣል፣ ሶሱም ሲበርድ ይጠነክራል። ድስቱ ውስጥ እያለ "ትንሽ ቀጥኗል" የሚያሰኛችሁ ሶስ ገበታ ላይ ልክ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ቺዝ የሚገባው ድስቱ ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው። በሚፈላ ሶስ ውስጥ ቢገባ የቺዙ ፕሮቲን ይጨማደድና ቅባቱን ይተፋል፤ ሶሱ አሸዋማ ይሆናል፣ ላዩ ላይ ዘይት ይንሳፈፋል። ከተቻለ ቺዙን ራሳችሁ ፈቅፍቁ። ተፈቅፍቆ የሚሸጠው እንዳይጣበቅ ስታርች የመሰለ ዱቄት ይነሰነስበታል፤ አይጎዳም፣ ነገር ግን አቀላለጡ እንደ ትኩሱ አይለሰልስም።

የመጀመሪያው ትሪ፦ ዶሮና መኮሮኒ

ጀማሪ ከዚህ ይጀምር። የሚያስፈልገው፦ 500 ግራም አጥንት የሌለው የዶሮ ሥጋ፣ 300 ግራም መኮሮኒ፣ 250 ግራም እንጉዳይ፣ አንድ ትልቅ ቀይ ሽንኩርት፣ 2 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ 150 ግራም ቺዝ። ለሶሱ 60 ግራም ቅቤ፣ 60 ግራም ዱቄት፣ 800 ሚሊ ሊትር ወተትና 200 ሚሊ ሊትር ዶሮው የተቀቀለበት መረቅ። ለላዩ 60 ግራም የዳቦ ፍርፋሪና 30 ግራም ቅቤ።

ዶሮውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጨምራችሁ ከግማሽ ሽንኩርትና ከትንሽ ጨው ጋር ጣዱት። ሊፈላ ሲል እሳቱን ቀንሱ። ውሃው ሳይንፈቀፈቅ፣ አልፎ አልፎ አረፋ ብቻ እየላከ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይብሰል። በኃይል የፈላ የዶሮ ደረት እንደ ገመድ ይጠነክራል። የምግብ ቴርሞሜትር ያለው ሰው ወፍራሙ ቦታ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ያውጣው፤ የሌለው ወፍራሙን ቆርጦ ውስጡ ቀይ አለመሆኑንና ፈሳሹ የጠራ መሆኑን ይይ። መረቁን አትድፉት። ዶሮውን በርዶ ለእጅ ሲመች በጣት ቦጫጭቁት፤ በቢላ ከተቆረጠው ይልቅ ሶስ ይይዛል።

እንጉዳዩን ስስ አድርጋችሁ ከትፋችሁ በሰፊ መጥበሻ፣ በጠንካራ እሳት፣ በጥቂት ዘይት ጣሉት። ጨው ገና አትጨምሩ። ከእንጉዳይ ክብደት 90 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው፤ መጀመሪያ መጥበሻው ኩሬ ይሆናል። ውሃው እስኪተን፣ ከዚያም ጠርዙ ቡናማ እስኪል ታገሡ፣ ወደ 10 ደቂቃ ይፈጃል። ያ ሁሉ ውሃ ትሪው ውስጥ ሊገባ የነበረ ነው! የቀረውን ሽንኩርት ከዚህ በኋላ ጨምሩና እስኪለሰልስ ጥበሱ፣ ነጭ ሽንኩርቱን በመጨረሻ ለአንድ ደቂቃ።

መኮሮኒውን በሊትር 10 ግራም ያህል ጨው በገባበት ብዙ ውሃ ቀቅሉት፤ ነገር ግን ማሸጊያው ከሚለው 3 ደቂቃ ቀንሱ። ስትቀምሱት መሐሉ ገና ሊከብዳችሁ ይገባል። የቀረውን መብሰል ሶሱ ውስጥ ይጨርሳል። ካጠለላችሁ በኋላ በውሃ አትለቅለቁት፤ ላዩ ላይ ያለው ስታርች ሶሱን ይይዛል።

ሶሱን ቀደም ባለው መንገድ ሥሩ፣ ከወተቱ ቀጥሎ መረቁን እየጨመራችሁ። ከእሳት አውርዳችሁ 100 ግራም ቺዙን አቅልጡበት። አሁን መኮሮኒውን፣ ዶሮውን፣ እንጉዳዩን በትልቅ ድስት ከሶሱ ጋር ደባልቁና ቅመሱ። ይህ የመጨረሻው ዕድላችሁ ነው፤ ትሪ ላይ ከተደላደለ በኋላ ጨው ማስተካከል አይቻልም። ቺዙ የራሱ ጨው ስላለው ከመጀመሪያው አታብዙ።

ትሪውን ቅቤ ቀብታችሁ ገልብጡበት፣ የቀረውን ቺዝና በቅቤ የታሸ ፍርፋሪ ነስንሱ። በ180 ዲግሪ፣ ሳይሸፈን፣ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ። ውስጡ ያለው ሁሉ የበሰለ ስለሆነ ከዚህ በላይ ማቆየት ማድረቅ ነው።

ከወጣ በኋላ 10 ደቂቃ ሳይነካ ይቀመጥ። ይህን መጠበቅ ለራበው ሰው ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ትኩሱን የተቆረጠ ካሴሮል ይፈስሳል፤ ትንሽ ሲረጋ ሶሱ ይይዝና በጭልፋ ሲነሣ ቅርጹን ይጠብቃል።

ሁለተኛው፦ ድንችና የተፈጨ ሥጋ በንብብር

እውነቱን ለመናገር፣ በብርድ ቀን የትኛውን ትሠራለህ ብትሉኝ ይህን ነው የምላችሁ። 1 ኪሎ ድንች፣ 500 ግራም የተፈጨ የበሬ ሥጋ፣ 2 ቀይ ሽንኩርት፣ 2 ካሮት፣ 3 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ፣ 400 ግራም የተላጠና የተከተፈ ቲማቲም፣ ጦስኝ። ለላዩ ከነጩ ሶስ ግማሹ (30 ግራም ቅቤ፣ 30 ግራም ዱቄት፣ ግማሽ ሊትር ወተት) እና 100 ግራም ቺዝ።

1. ድንቹን ልጣችሁ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ክብ ክብ ቁረጡ። ሁሉም እኩል ይሁን፤ አንዱ ወፍራም ሌላው ስስ ከሆነ አንዱ ሲሟሟ ሌላው ጥሬ ይቀራል። ጨው ባለበት ፍል ውሃ 5 ደቂቃ ቀቅሉና አጥልሉ፣ ሰፊ ሳህን ላይ ዘርግታችሁ እንፋሎቱ ይውጣ።

2. መጥበሻውን በደንብ አግሉ። ሥጋውን ዘርግታችሁ 3 ወይም 4 ደቂቃ አትንኩት። ከሥሩ ቡናማ ቅርፊት ሲይዝ ገልብጡና በትኑት። ገና ሲገባ የሚማሰል ሥጋ ውሃውን ይተፋል፣ በራሱ ውሃ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። መጥበሻችሁ ጠባብ ከሆነ ሥጋውን በሁለት ዙር ጥበሱት።

3. ሥጋውን አውጥታችሁ በዚያው ስብ ሽንኩርቱንና በትንንሹ የተከተፈውን ካሮት አለስልሱ፣ ነጭ ሽንኩርትና ድልሁን ጨምራችሁ ድልሁ ጠቆር እስኪል 2 ደቂቃ አቁላሉት። ሥጋውን መልሱ፣ ቲማቲሙን፣ ጦስኙን፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬውን ጨምሩ። ማማሰያው ከመጥበሻው ሥር መንገድ ሲከፍትና መንገዱ ቶሎ ሳይዘጋ ሲቀር ደርሷል። ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ያህል ነው።

4. ቅቤ በተቀባ ትሪ ላይ ግማሹን ድንች አንጥፉ፣ ጨው ነስንሱ፣ ሥጋውን በሙሉ ደልድሉ፣ የቀረውን ድንች እንደ ቆርቆሮ ክዳን ጫፍ በጫፍ አደራርባችሁ አልብሱት። ነጩን ሶስ ከላይ አፍስሱ፣ በቢላ ጫፍ ድንቹን ነካ ነካ አድርጋችሁ ወደ ታች እንዲሰርግ አግዙት። ቺዙን ነስንሱ።

5. በፎይል ሸፍናችሁ በ190 ዲግሪ 30 ደቂቃ፣ ከዚያ ገልጣችሁ ላዩ እስኪጠበስ 15 ወይም 20 ደቂቃ። ፎይሉ ቺዙን እንዳይነካ ጎበጥ አድርጉት። ስስ ቢላ መሐሉን ሲወጋ ያለ ትግል ከገባ አልቋል።

ድንቹ ለምን ቀድሞ ይቀቀላል? ቲማቲም ኮምጣጣ ነው። ኮምጣጣ ነገር የአትክልትን ሕዋስ አያይዞ የያዘው ፔክቲን እንዳይሟሟ ያደርገዋል፣ ስለዚህ ጥሬ ድንች ቲማቲም ውስጥ ለረጅም ሰዓት ቢቆይም ኮስተር እንዳለ ይቀራል። ቦሎቄም እንዲሁ ነው። ሁለቱንም መጀመሪያ አለስልሱ፣ ከዚያ ከቲማቲም ጋር አገናኙ።

ሥጋ ለማይበላ

ከላይ ባለው የድንች ንብብር ሥጋውን በ500 ግራም የበሰለ ቦሎቄ ተኩት፣ ሌላው ሁሉ እንዳለ ነው፤ ጥቂት የተጠበሰ እንጉዳይ ብትጨምሩ የሥጋውን ጥልቅ ጣዕም ይተካል። ቀይ ቦሎቄ ከሆነ ግን ጥንቃቄ አለው። ጥሬው ወይም ግማሽ የበሰለው ሆድ ክፉኛ የሚያውክ መርዝ አለው፤ በዝቅተኛ ሙቀት ቀስ ብሎ ማብሰል አያጠፋውም። ቢያንስ 5 ሰዓት ዘፍዝፉት፣ የዘፈዘፋችሁበትን ውሃ ድፉት፣ በአዲስ ውሃ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ በኃይል አፍሉት፣ ከዚያ እስኪለሰልስ ቀቅሉት። ቦሎቄው ትሪው ውስጥ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው።

አትክልት በሙሉ የራሱ የውሃ አወጣጥ አለው። ዝኩኒ ተቆርጦ ጨው ይነስነስበትና 20 ደቂቃ ቆይቶ ይጨመቅ። ከፍሪዘር የወጣ ስፒናች ከቀለጠ በኋላ በንጹህ ጨርቅ ጠቅልላችሁ እስኪደክማችሁ ጭመቁት። አበባ ጎመንና ብሮኮሊ 3 ደቂቃ ፍል ውሃ አይተው በደንብ ይጠንፈፉ፤ ከዚህም የተሻለው በዘይት አሽቶ ለብቻ ኦቨን ውስጥ ማጠቋቆር ነው። ጥቅል ጎመን በመጥበሻ ተቁላልቶ ይገባል። ሽንኩርት ጥሬውን በፍጹም አይግባ።

ሩዝና ዳቦ

ሩዝ በሕጌ ሁለተኛ ክፍል ይገባል፤ ጥሬውን መጨመር ይቻላል፣ ምክንያቱም ውሃውን ለክተን ስለምንሰጠው። 200 ግራም ሩዝ፣ 500 ሚሊ ሊትር የሚፈላ መረቅ። ሁለት ነገር አይቀየርም፦ መረቁ የሚፈላ ይሁን፣ ፎይሉም ዙሪያውን ጥብቅ ብሎ ይታሰር። እንፋሎት ካመለጠ ላዩ ላይ ያለው ሩዝ ጥሬ ይቀራል። በ190 ዲግሪ ከ35 እስከ 45 ደቂቃ፣ ከዚያ ሳይከፈት 10 ደቂቃ ይረፍ። ሩዙ ላይ የተጠበሰ ዶሮ ወይም አትክልት መደልደል ይቻላል።

የደረቀ ዳቦ ደግሞ ለጠዋት ይሆናል። 300 ግራም ዳቦ ቆራርጡ፣ 5 እንቁላል በግማሽ ሊትር ወተት መትታችሁ በጨው አጣፍጡ፣ 150 ግራም ቺዝና የተቁላላ ሽንኩርት ቀላቅሉ፣ ዳቦው ላይ አፍስሱና ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። ትኩስ ዳቦ አይሆንም፤ እንቁላሉን አይጠጣም፣ ሊጥ ይሆናል። ሲነጋ በ180 ዲግሪ ከ40 እስከ 45 ደቂቃ። ይነፋል፣ ሲወጣ ትንሽ ይወርዳል፤ ጤና ነው።

ላዩ

የዳቦ ፍርፋሪ ያለ ቅቤ ከተነሰነሰ ግማሹ ነጭ እንደሆነ ይቀራል፣ ግማሹ ያርራል። ፍርፋሪውን በቀለጠ ቅቤ እሹት፤ ቅባቱ ሙቀቱን እኩል ያዳርሳል። ጥቂት የተፈቀፈቀ ጠንካራ ቺዝና የደረቀ ጦስኝ ከገባበት ደግሞ ላዩን ብቻ ለቅመው የሚበሉ ልጆች ይመጡባችኋል። ከ40 ደቂቃ በላይ ለሚቆይ ትሪ ፍርፋሪውን በመጨረሻው 20 ደቂቃ ላይ ጨምሩ። ላዩ ቀድሞ ከጠቆረ ፎይል ጣል አድርጉበት፣ መሐሉ ይጨርስ።

ኦቨን ለሌለው

ኦቨን የለኝም ብሎ መተው አያስፈልግም። ወፍራም መቀመጫና ገጣሚ ክዳን ያለው ድስት ይበቃል። ነገሩን ሁሉ እንደ ትሪው አሰናድታችሁ ድስቱ ውስጥ ደልድሉ፣ በጣም ዝቅ ባለ እሳት ከ25 እስከ 30 ደቂቃ አቆዩ። እሳቱና ድስቱ መካከል ጠፍጣፋ የብረት መጥበሻ ወይም ምጣድ ብትጥሉ ሙቀቱ ይሰራጫል፣ ከሥሩ አያርርም። ክዳኑን በንጹህ ጨርቅ ጠቅልሉት፤ ወደ ላይ የሚወጣውን እንፋሎት ጨርቁ ይጠጣዋል፣ ተመልሶ ምግቡ ላይ አይንጠባጠብም። የጨርቁን ጫፎች ክዳኑ ላይ ወደ ላይ ቋጥሯቸው፣ እሳቱ እንዳይደርስባቸው። ላዩ አይጠበስም፣ ስለዚህ ፍርፋሪውን ለብቻው በመጥበሻ በቅቤ ቡናማ እስኪል ቁሉና ሲቀርብ ነስንሱበት። እንዲያውም ኩርሽምታው ከኦቨኑ ይበልጣል።

ሲበላሽ

ውሃ ቋጥሮ ከወጣ ሳይሸፈን ወደ ኦቨን መልሱት፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይተንለት፤ ከዚያ ሩብ ሰዓት ይረፍ። ብዙውን ጊዜ ይመለሳል። ደርቆ ከሆነ ግማሽ ኩባያ ትኩስ ወተት ወይም መረቅ በዳር በዳሩ አፍስሱ፣ ሸፍናችሁ 10 ደቂቃ መልሱት፤ ቀዝቃዛ ፈሳሽ በጋለ መስታወት ላይ ግን በፍጹም አታፍስሱ። ሶሱ ገና ድስት ላይ እያለ ቅባቱን ከተፋ ከእሳት አውርዳችሁ ጥቂት ማንኪያ ቀዝቃዛ ወተት እየጨመራችሁ በኃይል ምቱት። ኦቨን ውስጥ ከተለያየ ግን መመለሻ የለውም፤ ይበላል እንጂ አያምርም። በሚቀጥለው ጊዜ እሳቱን በ10 ዲግሪ ዝቅ አድርጉ።

የተረፈውና የሚቀመጠው

የተረፈ ካሴሮል ከኦቨን ከወጣ በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ። ትልቁን ትሪ እንዳለ ካስገባችሁት መሐሉ ለሰዓታት ለብ እንዳለ ይቆያል፣ ተሕዋስያን የሚራቡትም በዚያ ሙቀት ነው። በዝርግ ዕቃዎች ከፋፍሉት። ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያል።

ለሌላ ቀን ሠርቶ ማስቀመጥ ከፈለጋችሁ የመኮሮኒውና (ድንች ሳይገባበት) የሥጋው ፍሪዘርን ይችላሉ፤ ድንቹ ግን ሲቀልጥ አሸዋማ ይሆናል፣ እሱን ትኩስ ብሉት። ትሪውን ባዶውን በፎይል አልብሱ፣ ምግቡን ደልድላችሁ ሙሉ በሙሉ አብርዱት፣ ፍሪዘር ውስጥ ይጠንክር። ከዚያ ፎይሉን ይዛችሁ እንደ ጡብ አውጡትና በደንብ ጠቅልላችሁ መልሱት፤ ትሪያችሁ ነጻ ሆነ። ቲማቲም ያለበት ከሆነ በፎይሉና በምግቡ መካከል የመጋገሪያ ወረቀት አድርጉ። በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች እስከ 3 ወር ጣዕሙን ይጠብቃል። ፍርፋሪውን አብራችሁ አታስቀምጡ። ልትበሉት ስታስቡ ከአንድ ቀን በፊት ፎይሉን ገልጣችሁ ወደዚያው ትሪ መልሱትና ፍሪጅ ውስጥ ይቅለጥ።

ስታሞቁት ትሪውን ሸፍናችሁ በ180 ዲግሪ መሐሉ 74 ዲግሪ እስኪደርስ፣ ማለትም ቢላ አስገብታችሁ ስታወጡት ስለቱ ለእጅ እስኪያቃጥል ጠብቁ፤ ፍርፋሪውን በመጨረሻው 15 ደቂቃ ነስንሱ። ለአንድ ሰው ብቻ ከሆነ ኦቨኑን አታድክሙ። ከፍሪጅ የወጣ ካሴሮል እንደ ዳቦ ይቆረጣል፦ ወፈር ያለ ቁራጭ አንሡ፣ ጥቂት ቅቤ ባለበት መጥበሻ ላይ በመለስተኛ እሳት ክዳን ከድናችሁ 6 ወይም 7 ደቂቃ አቆዩት፣ ከሥሩ ቅርፊት ሲይዝ በዝርግ ማንሻ ገልብጡትና ሌላውንም ወገን ጥበሱ። በማግስቱ ለቁርስ ለራሴ የማስቀረው ይህንን ቁራጭ ነው፤ የዳሩን፣ ቺዙ ትሪው ላይ ተጣብቆ የጠቆረበትን።